አምባዛና እታለም

ወደ ብር ወንዝ የሚገቡት ትንንሽ ጅረቶች በመጋቢትና በሚያዝያ መፍሰሳቸውን ያቆማሉ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቆላው የወረደ ሰው ያውቀዋል። በክረምት በሬ ይወስድ የነበረው ውሃ በጋው ሲገፋ እዚህ አንድ ኩሬ፣ እዚያ አንድ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ኩሬው ከቀን ወደ ቀን ይጎድላል፣ ይሞቃል፣ ከብት ገብቶ ያደፈርሰዋል። ቀድመው የሚሞቱት ጀርባቸው በፀሐይ ብልጭ የሚለው ትንንሽ ነጫጭ ዓሦች ናቸው፤ ሆዳቸውን ሰቅለው ይንሳፈፋሉ፣ አሞራና እረኛ ይለቅማቸዋል። ቀረሶ ካለ ጥቂት ይታገልና እሱም ይከተላል። በመጨረሻ ከጭቃው ጋር ጭቃ መስሎ የሚቀረው አምባዛ ነው።

ይህን ዓሣ ለማወቅ ከትንፋሹ መጀመር ይሻላል። ሌላው ዓሣ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን በስንጥቡ ይስባል፤ ውሃው ኦክስጅን ሲያጣ ታፍኖ ይሞታል። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ፣ ከራስ ቅሉ ሥር፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣና ደም የሞላበት ሌላ አካል አለው። ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ይጎርስና በዚያ ይተነፍሳል። ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ሙልጭልጭና እርጥብ ነው። በደረት ክንፎቹ ጠንካራ እሾህ እየተመረኮዘ በእርጥብ ሣር ላይ ተስቦ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። በአፉ ዙሪያ አራት ጥንድ ጺም አለው፤ በሌሊትና በድፍርስ ውሃ ምግቡን የሚያገኘው በጺሙ እየዳሰሰና እየቀመሰ ነው። ሲያድግ ከአንድ ሜትር ያልፋል። በሳይንስ ዘንድ ክላሪያስ ጋሪፒነስ ይባላል፤ ለዓለም ጽፎ ያስተዋወቀው ዊሊያም በርቸል የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1822 ነበር፤ ዓሣውን ያገኘው በደቡብ አፍሪካ ነው። ከዚያ ጫፍ ጀምሮ እስከ ዓባይ መጨረሻ ድረስ በአፍሪካ ውሃ ሁሉ ይኖራል ማለት ይቻላል።

በእኛ ቤት አምባዛ አይበላም ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት አትብሉ ይላል፤ አባቶቻችንም ያን ጠብቀው ኖረዋል። ሥርዓቱን ዛሬም አከብራለሁ። መናዘዝ ያለብኝ ከዚያ ያለፈውን ነው። አለመብላት አንድ ነገር ነው፤ እኔ ግን ዓሣውን እጸየፈው ነበር። እረኛ ሳለን መንጠቋችን ላይ አምባዛ ሲመጣብን ወደ ውሃው አንመልሰውም፤ ዳር ላይ ወርውረን ጥለነው እንሄዳለን። ማታ ከብት ነድተን ስንመለስ ገና አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ እናገኘዋለን። «ይኸ ነገር አይሞትም» እንባባላለን። ስለማይሞት ምንም አልተሰማንም፤ ነጭ ዓሣ ቢሆን ኖሮ ግማሻችን ያዝንለት ነበር።

በኋላ፣ መምህር ሆኜ መጻሕፍት ማገላበጥ ስጀምር፣ የዚሁ ዓሣ ወገን ያለበትን ታላቅ ቦታ አየሁ። የብር ውሃ ዓባይ ገብቶ ግብፅ ይወርዳል። እዚያ ከ5,000 ዓመት በፊት ሁለቱን ግብፆች አንድ አደረገ የሚባለው ንጉሥ ናርመር ስሙ የሚጻፈው በሁለት ሥዕል ነበር፤ አንዱ መሮ፣ ሌላው አምባዛ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሂራኮንፖሊስ ከሚባል ስፍራ ተቆፍሮ በወጣው ዝነኛ የድንጋይ ገበታ አናት ላይ ጺሙ እንኳን በግልጽ ይታያል። ሳቃራ ባለው የመረሩካ መቃብር ግድግዳ ላይ ደግሞ ሲኖዶንቲስ የሚባለው የአምባዛ ትንሽ ዘመድ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ሲዋኝ ተቀርጿል። በእኛም አገር በዓባይ ሸለቆ ዝቅተኛ ክፍል የሲኖዶንቲስ ወገኖች አሉ፤ ሲያዙ የደረታቸውን እሾህ ከመገጣጠሚያው ጋር አፋጭተው ሲጥ ሲጥ ይላሉ። እነዚያ ቀራጮች ዓሣው እንዴት እንደሚዋኝ ልብ ብለው አይተው ነበር። እኔ በዚያው ውሃ ራስጌ ተወልጄ አንዱንም አላየሁም።

ስለ ብርብራም ሳልናገር አላልፍም። ብርብራ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የማይገኝ ዛፍ ነው፤ ጥላው ደግ፣ አበባው ለንብ የተወደደ። ፍሬው ግን ሮተኖን የተባለ መርዝ አለበት። በጎጃም ፍሬውን ወቅጠው ኩሬ ውስጥ ይበትኑታል፤ መርዙ በስንጥብ ገብቶ ዓሣው በሰውነቱ ያለውን ኦክስጅን እንዳይጠቀምበት ያግደዋል፣ ዓሣም ሰክሮ ይንሳፈፋል። ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚበላውንም የማይበላውንም ሳይለይ ነው። አየር የሚጎርሰው አምባዛ ከሌላው ይልቅ ይዘገያል። ከብርብራው ማግስት ኩሬው ዳር ሄዳችሁ አንድ ጥቁር ጀርባ ብቅ ሲል ካያችሁ «ዓሣው እኮ አላለቀም» ትላላችሁ። ስንት ጊዜ እንዲህ ብለን ወደ ቤታችን ሄደናል።

ወደ ቤቴ ልመለስ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፣ በኪራይ ቤት። ቡሬ ውስጥ ካፌውን ይዘጋ የነበረ ሰው ዕቃ ሲሸጥ የዓሣ መስታወቱን ገዛሁ። አኳሪየም በከተማ ሆቴሎች መግቢያ ላይ ቆሜ ሳየው ስለኖርኩ ስመኘው የቆየሁት ነገር ነው። ከውጭ የሚመጣውን ወርቃማ ዓሣ ለማሳደድ አቅሙም ፍላጎቱም አልነበረኝም፤ የአገሬን ዓሣ ላኖርበት አሰብሁ። የሰፈራችን እረኞች ከሚደርቅ ኩሬ ያወጧቸውን ትንንሽ ነጫጭ ዓሦችና ከጣቴ ብዙም የማይበልጥ አንድ የአምባዛ ጫጩት በጀሪካን አመጡልኝ። ጫጩቱ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የተወለደ መሆን አለበት። አምባዛ ዝናብ ሲገባ በሌሊት ወጥቶ ጎርፍ በተኛበት ሣር ላይ እንቁላሉን ያጣብቃል፤ እንቁላሉ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ተኩል ይፈለፈላል፤ ጠባቂ የለውም፣ እናትም አባትም ትተውት ይሄዳሉ።

መስታወቱን የሸጠልኝ ሰው አንድ ምክር ሰጥቶኝ ነበር፦ «ታች የሚሄድ ዓሣ ካገኘህ ጥሩ ነው፤ የወደቀውን እየለቀመ ያጸዳልሃል፣ ለብቻው ምግብ አያስፈልገውም።» ይህ ምክር የእሱ ብቻ አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ ይነገራል። ከደቡብ አሜሪካ ወንዞች የመጡ ኮሪዶራስ የሚባሉ ትንንሽ ጺማም ዓሦች በስንት ሺህ ቤት መስታወት ውስጥ ይኖራሉ፤ ከውበታቸው ይልቅ ብዙዎች የሚገዟቸው ለጽዳት ነው። እነሱም እንደ አምባዛ ውሃው ሲከፋ ብቅ ብለው አየር ይውጣሉ፤ እነሱ የሚተነፍሱት በአንጀታቸው ነው። የሌላው ፍርፋሪ ይበቃቸዋል ተብሎ በየቤቱ ቀስ በቀስ በረሃብ የሚያልቁት ብዙ ናቸው። ጽዳት የምንለው እኮ ለነሱ ምግብ ፍለጋ ነው፤ የወደቀ ከሌለ የሚበሉት የለም።

እኔም ቀን ቀን ጥቂት ትልና የእንጀራ ፍርፋሪ እበትናለሁ፤ ነጫጮቹ ተሻምተው ይጨርሱታል። አምባዛው ድንጋይ ሥር ተኝቶ ይውላል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን እንዳለው ስለማውቅ በባልዲ አሳድሬ ነው የምጨምረው። በየሳምንቱ ጠጠሩን አውጥቼ በቧንቧ እያጠብሁ አንጸባርቄ እመልሰዋለሁ። መስታወቱ የጠራ ነበር። ያም ሆኖ ነጫጮቹ ዓሦች አንድ በአንድ አለቁ። አዘንሁ፤ ግን ብዙም አልደነገጥሁም፣ ምክንያቱም አምባዛው ነበር። ማታ መብራት ሳበራ ሽቅብ ተወርውሮ ውሃውን ይነካና ተገልብጦ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል፣ ደግሞ ይወርዳል። ጎረቤት ጠርቼ አሳይ ነበር። «ሲጨፍር እዩት» እላለሁ። ልጆቹም ያጨበጭባሉ።

ባሕር ዳር ዓሣ ሀብት የተማረ ጓደኛ አለኝ። ለበዓል ሲያልፍ እኔ ዘንድ አደረ። ቡናው እስኪፈላ መስታወቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ ቆየና «ጺሙን አይተኸዋል?» አለኝ። ጺም እንዳለው አውቃለሁ አልሁት። «እንዳለው አይደለም፣ የቀረውን አይተኸዋል ወይ?» ቀረብ ብዬ አየሁ። የታችኞቹ ጺሞች አጥረው ጫፋቸው ተበልቶ ነበር። ቆዳው ላይም ነጣ ያለ ልጋግ ተጋግሯል። ያ ጭፈራ የምለው ደግሞ የትንፋሽ ፍለጋ ነው አለኝ። አምባዛ አየር መጎረሱ ተፈጥሮው ነው፤ እንዲህ ደጋግሞ ሲሆን ግን ውሃው ውስጥ የሚበቃ አላገኘም፣ ወይም ስንጥቡ ተቃጥሏል ማለት ነው።

ከዚያ ያስረዳኝ ነገር ከትምህርት ቤት ጀምሮ ከሰማሁት ሁሉ ይበልጥ ገባኝ። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ አይታይም፣ ውሃውንም አያደፈርስም፣ ግን መርዝ ነው። በወንዝ ውስጥ ጠጠሩ ላይ፣ እንጨቱ ላይ፣ ሣሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው፣ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተቀብለው ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ፍጥረታት በአዲስ መስታወት ውስጥ እስኪሰፍሩ ሳምንታት ይፈጃሉ። እኔ በየሳምንቱ ጠጠሩን በቧንቧ ውሃ ሳጥብ ልክ ሊሰፍሩ ሲሉ ጠርጌ እያወጣኋቸው ነበር። የጠራው ውሃ ለዐይኔ እንጂ ለዓሣው አልጠራም። ነጫጮቹ ያንን በሞታቸው ነገሩኝ፤ አምባዛው በሕይወት በመቆየቱ ነገሩን አደበዘዘው።

ጓደኛዬ ጠጠሩን እንዳላጥብ፣ ከውሃው ጥቂት ጥቂት ብቻ እንድለውጥ፣ ትሉን መብራት ካጠፋሁ በኋላ ታች እንዳስቀምጥለት ነገረኝ። ሊሄድ ሲል በር ላይ ቆሞ «ውሃህን በአምባዛ አትለካ» አለኝ። የሚያስጨንቀው የእኔ መስታወት አልነበረም። ጣናን እያሰበ ነበር የሚናገረው። ጣና ውስጥ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የምንላቸው የላቤዮባርበስ ወገኖች ከአሥር በላይ ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የላቸውም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያሉ ገባር ወንዞችን ሽቅብ ወጥተው፣ ጠጠሩ የጸዳ፣ ኦክስጅን የጠገበ ውሃ ፈልገው ነው እንቁላል የሚጥሉት። በዚያ ጉዞ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 የተደረገ ክትትል ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዓሦች በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው አገኛቸው። ጣና ዳር ቆሞ ታንኳ ሲገባና ሲወጣ ለሚያይ እንግዳ ግን ሐይቁ ዓሣ አለው፤ ገበያ ላይ አምባዛም ቀረሶም ተዘርግቷል። የጠፋው የማይችለው ነው፤ የሚችለው ቦታውን ሸፍኖ ይዞታል።

እስከዚህ ድረስ ስለ ዓሣ ነው። እታለምን ያላሰብሁበት ምክንያት ምን እንደሆነ እስካሁን ይገርመኛል።

እናታችን ስትሞት እኔ ልጅ ነበርሁ። ያሳደገችኝ ታላቅ እኅቴ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ፍኖተ ሰላም ለትምህርት ቤት ተከራይቼ ስገባ በየሳምንቱ ስንቄን ተሸክማ የምትመጣው እሷ ነበረች። እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ዳቦ ቆሎውን አውርዳ፣ ልብሴን አጥባ፣ ዕለቱን ትመለሳለች። ደህና ነሽ ወይ ስላት «እግዜር ይመስገን፣ እኔ ምን እሆናለሁ» ትላለች። ሁልጊዜ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ አውርዳ ነው የምትሄደው፤ ጨዋነቷ ነው እያልሁ እኮራ ነበር። አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ትንሽ ወረንጦ ታንጠለጥላለች፤ እሾህ ለማውጣት ነው ብዬ አስባለሁ፤ እኔንም ስንት ጊዜ እሾህ አውጥታልኛለች። ቤት ውስጥ ከሁሉ በኋላ ነው የምትበላው፤ ሌላው ጠግቦ ከተነሣ በኋላ ከመሶቡ የተረፈውን ጠቅልላ። ይህንንም ሥራዋ ስለሚበዛ ነው እል ነበር። መምህር ሆኜ ደመወዝ ከያዝሁ በኋላ ለበዓል ቀሚስ እገዛላታለሁ፣ ለማዳበሪያ እሰጣታለሁ፤ ያን ያህል አድርጌ ባለዕዳነቴን የወጣሁ ይመስለኝ ነበር። የታመመውን የአጎቴን ልጅ አዲስ አበባ ድረስ ወስጄ አሳክሜአለሁ፤ እሱ ያማርራል፣ ስለዚህ ሁላችንም እንሮጥለታለን።

ጓደኛዬ ባለፈበት በዚያው በጋ እታለም በርበሬዋን ለመሸጥ መጥታ እኔ ዘንድ አደረች። ማታ መስታወቱን ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ይኸ ደግሞ ምን ይበላል?» ብላ ነው። ትል አልኋት። «መቼ?» ሰው ሲተኛ አልኋት። ሳቀች።

ሌሊት ነቃሁ። ክፍሉ ጨለማ ነበር፤ ከመስታወቱ በኩል ግን ትንሽ ብርሃን ይታያል። እታለም የስልኳን ባትሪ በጉልበቷ መካከል ይዛ፣ ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠግታ ተቀምጣለች። ጨለማ ውሃ ከኋላው ስላለ መስታወቱ መልክ ያሳያል። በአንድ እጇ የዐይኗን ቆብ ገልብጣ ይዛለች፣ በሌላው ወረንጦውን። ነቅላ ጣቷ ላይ ታያለች፣ ትጠርጋለች፣ ደግሞ ትነቅላለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ግን ማልቀስ አልነበረም። ምን ሆነሽ ነው ስላት ነጠላዋን ሳብ አደረገች። «ጭስ ነው ወንድም ዓለም፤ ተኛ።»

በኔ ክፍል ውስጥ ጭስ አልነበረም።

ጓደኛዬ ስለ ጺሙ ባይጠይቀኝ ኖሮ ምናልባት «እሺ» ብዬ እተኛ ነበር። ተነሥቼ መብራት አበራሁ፤ እንድታሳየኝ ለመንኋት። የዐይን ፀጉሯ ወደ ውስጥ ተገልብጦ ብሌኑን ይፍቃል። የቀኙ ዐይን ላይ ነጭ ጠባሳ አለ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቃት ዓመት አልቆጠረችልኝም፤ «አንተ ለትምህርት ከተማ ስትገባ ጀምሮኝ ነበር» አለች። ነጠላውን የምታወርደው ፀሐይ እንደ መርፌ ዐይኗን ስለሚወጋት ኖሯል። ስንቄን ተሸክማ ያን ሁሉ መንገድ የተመላለሰችው በዚያ ዐይን ነው።

የዐይን ማዝ ነው፤ ትራኮማ። አማራ ክልል በሽታው በዓለም ላይ እጅግ ከሚበረታባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ምዕራብ ጎጃምም ከዚያ ውስጥ ናት። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ከሕፃናት ዐይንና አፍንጫ ፈሳሽ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ቢይዝ ይድናል፤ እየደጋገመ ሲይዝ በቆቡ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ፀጉሩ ብሌኑን እየፋቀ በመጨረሻ ያሳውራል። ፀጉሩ የሚገለበጥባቸው ሴቶች ከወንዶች እጥፍ ገደማ ናቸው፤ ልጅ የምታቅፈው፣ የልጅ ፊት የምትጠርገው ሴት ስለሆነች። እታለም የራሷን ሳትወልድ በፊት የኔን ፊት ስትጠርግ ኖራለች። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መከላከያ አራት ነገር ነው፦ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ፊት መታጠብ፣ አካባቢንና ውሃን ማሻሻል። በክልላችን አዚትሮማይሲን በየመንደሩ ለዓመታት ታድሏል። የእታለምን መንደርም አልዘለለም፤ መድኃኒቱ ግን የተገለበጠ ፀጉር አይመልስም። ቀዶ ሕክምናው መኖሩን እሷ ሰምታ ነበር። «እርሻው ላይ ማን ይውላል ብዬ ነው» አለችኝ። ከዚያም ቀስ ብላ፦ «ያማል ስል ሰምተኸኝ ታውቃለህ?» አለች። የምትመካበት ነገር ነበር፤ ለኔ ግን ክስ ሆኖ ተሰማኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። የሠራችላት ለዚሁ የሠለጠነች ነርስ ናት፤ ቆቡን አደንዝዛ፣ ቀድዳ፣ ወደ ውጭ መልሳ ሰፋችው። ለሁለቱም ዐይን ከጥዋት እስከ ምሳ ሰዓት እንኳን አልፈጀም፤ ገንዘብም አልተጠየቅንም። ደጅ አግዳሚው ላይ ተሰልፈው ከተቀመጡት ሴቶች ብዙዎቹ አንገታቸው ላይ ወረንጦ ነበራቸው። ከዚያ በፊት በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በለቅሶ ቤት ስንት ወረንጦ አይቼ አልፌአለሁ። አብሯቸው የመጣው ወንድም ወይም ባል ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ እርስ በርስ ተያይዘው ነው የመጡት። ፋሻው በማግስቱ ሲፈታ እታለም ደጁን ዞር ዞር ብላ አየች፣ «አይኮሰኩስም» አለች። የግራው ዳነ። የቀኙ ጠባሳ የብሌን ጠባሳ ስለሆነ አይመለስም፤ ቶሎ ብትመጣ ኖሮ ይተርፍ ነበር አለችኝ ነርሷ፣ ለብቻዬ።

እኔ ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ አይደለም፤ እታለምም ብትሰማው አትወድም። የምጽፈው በየቤታችን «እሱስ ይችላል»፣ «እሷስ ብርቱ ናት» ተብሎ የሚታለፍ ሰው ስለማውቅ ነው። ስንቅ የሚያቀብል፣ የታመመ የሚያስታምም፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን የሚተክል፣ ከሁሉ በኋላ የሚበላ። ቻይነቱን እናመሰግናለን፤ ምስጋናው ራሱ አፉን ይዘጋዋል፤ ብርቱ የተባለ ሰው ደከመኝ ለማለት ያፍራል። እኔ ለማወቅ ዓሣ አስፈለገኝ። በተራ ቀን፣ በተራ ጥያቄ ልደርስበት ይገባኝ ነበር።

አምባዛው ጺሙ መልሶ አደገ። ሌሊት ሌሊት ትሉን ታች እያስቀመጥሁለት፣ ጠጠሩን ሳልነካው፣ ሽቅብ መወርወሩን ተወ፤ አልፎ አልፎ ብቻ ቀስ ብሎ ወጥቶ ጎርሶ ይወርዳል። ጎረቤቶቼ ደስ አላላቸውም፣ «ዓሣህ ሰነፈ» ይሉኛል። ከዓመት በኋላ መስታወቱ ጠበበው። ከፍኖተ ሰላም ብዙ ሳይርቅ ገራይ ግድብ አካባቢ ኩሬ ቆፍሮ ቀረሶ ለሚያረባ ገበሬ ሰጠሁት፤ ቀረሶ ያለልክ ሲራባ ዓሣው ሁሉ ይጫጫል፣ አምባዛ ግን ጫጩቱን እየበላ ያመጣጥነዋል። ገበሬው ባልዲው ውስጥ አይቶ «ይኸስ ምንም አይሆንም፣ ጠንካራ ነው» አለኝ። ኩሬው በጋ ሲጎድል፣ ውሃው ሲሸት፣ ላይ ላይ ደጋግሞ ሲወጣ ካየኸው ጨምርለት አልሁት። ግራ ተጋብቶ አየኝ፣ ግን እሺ አለ።

ቀዶ ሕክምናው ከተሠራ በኋላም ፀጉሩ ዳግመኛ ሊገለበጥ ስለሚችል መታየት ያስፈልጋል። ባለፈው እታለም ዘንድ ወረድሁ። ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ምን እንደምትመልስ አውቃለሁ። ወረንጦው የት እንዳለ ጠየቅኋት። ለጎረቤቷ ሰጥታታለች፤ «እሷንም አምጣት ብዬ ነበር፣ ባሏ ከዘር በኋላ አለ» አለች። ሌሊት ምን እንደሚቀሰቅሳት ጠየቅኋት። ዐይኗ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ጥቂት ቆይታ፣ ምጣዱን እያሰሰች፣ ጉልበቷ እንደሚያማት፣ ውሃ ስትቀዳ ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ቦታ እንደምታርፍ፣ ይህን ለማንም እንዳልተናገረች ነገረችኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኋት። «ኧረ ቆየ» አለች። ለቅዳሜ ተቀጣጠርን፤ ጎረቤቷም አብራ ትመጣለች፣ ባልየውን ማታውኑ ሄጄ አናገርሁት።